ሳቅና ሥልጣን በእንግሊዝ አገር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)





ለዚህ በዓል ከመጨረሻው ክፍል አንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ግዴታ እንድንናገር የመከሩን ብዙዎች ነበሩ። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ እነዚህ ጉዳዮች ከእኛ በፊት የነበሩት ሁሉ አሳምረው ስለ ተናገሩ፥ እኛ በክርክር ማኅበራችን ሁለት ወገን ሆነን የተሟገትንበትን አንድ ጥያቄ ይዘን መቅረብን መረጥን። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሕዝብ በመሪዎቹ ላይ ቢስቅ አገር ይጠቀማልን ወይስ ይጎዳል?

አንደኛው ወገን፥ ሹሙን መሳቂያ ያደረገ ሕዝብ ነገ ሕጉንም ያቃልላል፤ የተናቀ ሹም ደግሞ ለመልካም ሥራም ቢሆን አይታዘዙለትም አለ። ሁለተኛው ወገን በበኩሉ፥ ማንም የማይስቅበት ሹም ስሕተቱን የሚነግረው ሰው አያገኝም፤ ስሕተቱን ያላወቀ ሹም አገርን ገደል ይከታል ሲል መለሰ። «ንጉሥ አይከሰስ፥ ሰማይ አይታረስ» የሚለውን የአባቶች ተረት አንዱ ወገን ለራሱ ምስክር አድርጎ ሲጠቅሰው፥ ሌላው ወገን ያንኑ ተረት ስለ ሹማምንት የተነገረ ሽሙጥ ነው ብሎ ተረጐመው። በቃል ብቻ መከራከሩ መጨረሻ የሌለው መሆኑን ባየን ጊዜ፥ ነገሩ በተግባር ከተፈተነበት አገር ማስረጃ ለመፈለግ ተነሣን።

ማስረጃ የፈለግነውም ከእንግሊዝ አገር ነው። በዚያ አገር በመንግሥት ሰዎች ላይ መቀለድ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በኅትመት ሲሠራበት የቆየ ሙያ ነው፤ በመጽሔት ተጽፏል፥ በቴሌቪዥን ታይቷል፥ ለልጆች በሚታተሙ የሥዕል ጋዜጦች ሳይቀር ገብቷል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር፥ ጄምስ ጊልሬይ የሚባል ሠዓሊ በ1805 አንድ ዝነኛ ሥዕል አወጣ። በሥዕሉም ላይ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ፒትና የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ፊት ለፊት በገበታ ተቀምጠው፥ እንደ ሙልሙል የከበበችውን ዓለም በየበኩላቸው በቢላዋ ሲቈርሱ ይታያሉ። ናፖሊዮን አውሮፓን ይቈርሳል፤ ፒት ደግሞ ውቅያኖሱን ይወስዳል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሠዓሊው የጠላትን መሪ ብቻ ሳይሆን የገዛ አገሩንም መሪ ሆዳም አድርጎ ሥሏል። ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ እንደሚባለው፥ የሁለት መንግሥታትን የዘመናት ጠብ አንድ ገበታ ላይ አስቀምጦ ማንበብ ለማይችለው ሰው ሳይቀር አሳየው።

ከዚህ በኋላ በ1841 በሎንዶን ከተማ «ፓንች» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ተቋቋመ። ካቋቋሙትም መካከል ሄንሪ ሜይሂውና ኤቤኔዘር ላንደልስ ይገኙበታል። ስሙ የተወሰደው በየመንገዱ ለሕዝብ ከሚታይ፥ በዱላ ሁሉን ከሚደበድብ የአሻንጉሊት ጨዋታ ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው «ካርቱን» የሚለው ቃል የአሁኑን ትርጉሙን ያገኘው ከዚሁ መጽሔት ነው፤ ታሪኩም እንደሚከተለው ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ ሕንፃ በ1834 ተቃጥሎ አዲሱ ሲሠራ፥ ግድግዳውን በታላላቅ ሥዕሎች ለማስጌጥ ታሰበ። በ1843 ለነዚህ ሥዕሎች የተዘጋጁት ንድፎች ለሕዝብ እንዲታዩ ተደረገ፤ በዚያን ጊዜ «ካርቱን» ማለት እንዲህ ያለ ትልቅ ንድፍ ማለት ነበር። ፓንችም የራሱን «ካርቱን ቍጥር 1» አሳተመ። የሣለው ጆን ሊች ሲሆን፥ በሥዕሉ ላይ የተራቡ፥ የተራቈቱና አካለ ስንኩላን የሆኑ ድኾች በትርኢቱ አዳራሽ ቆመው ያማሩትን የጌቶች ሥዕሎች ሲመለከቱ ይታያሉ። ትርጉሙም፥ ዳቦ ለጠየቀ ሕዝብ መንግሥት ሥዕል አሳየው ማለት ነው። እንግዲህ «ካርቱን» የሚለው ቃል በዛሬ ትርጉሙ የተወለደው ስለ ድኾች ከተነሣ ጥያቄ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ይሁን እንጂ ድኾችን በማስታወስ የጀመረው ፓንች ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ በጌቶች ሳሎን የሚነበብ የተከበረ መጽሔት ሆነ። በ1890 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም ዳግማዊ ቢስማርክን ከሥልጣን ባስወገደ ጊዜ፥ ጆን ቴኒየል ቢስማርክን ከመርከብ የሚወርድ ሽማግሌ መሪ፥ ወጣቱን ንጉሠ ነገሥት ደግሞ ከላይ ቆሞ የሚመለከት አድርጎ የሣለው ሥዕል እስካሁን በታሪክ መጻሕፍት ይገኛል። ነገር ግን ይኸው ቴኒየል የአይርላንድን ዐመፀኞች እንደ ዝንጀሮ አድርጎ ይሥል ነበር። በኃያል ላይ ለመሳቅ የተነሣው ብዕር በደካማ ሕዝብ ላይ ሲዞር ይህ የመጀመሪያው ምሳሌ ነው፤ ወደ ኋላ ሌላም እናመጣለን። ፓንች ከ150 ዓመት በላይ ከታተመ በኋላ በ1992 ተዘጋ፤ በ1996 እንደ ገና ቢከፈትም በ2002 ለመጨረሻ ጊዜ ቆመ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ታሪክ የሚነካ አንድ ነገር እናነሣለን። በ1935 ክረምት ሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ላይ ጦሩን ሲያዘጋጅ፥ እንግሊዝና ፈረንሳይ በመንግሥታት ማኅበር በኩል እናስታርቃለን እያሉ ጊዜ ያጠፉ ነበር። በዚያ ጊዜ ፓንች አንድ ካርቱን አወጣ። በሥዕሉ ሥር ለሙሶሊኒ የተነገረው ማስጠንቀቂያ በ1870ዎቹ እንግሊዞች ለጦርነት ሲፎክሩበት የነበረውን የዘፈን ቃል ተከትሎ በፉከራ ይጀምርና፥ መጨረሻው ላይ ግን ብትዋጋ ሁለታችን በአንድነት ደስ አላለንም የሚል ለስላሳ ማስታወሻ ሳንጽፍብህ አንቀርም እንደ ማለት ሆኖ ያበቃል። ፉከራው ወደ ደብዳቤ ተለወጠ። ይህም ቀልድ ከታተመ ሁለት ወር ሳይሞላው፥ በጥቅምት 3 ቀን 1935 የኢጣልያ ጦር ድንበራችንን ተሻገረ። በታኅሣሥ ወር ደግሞ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ሆነው የኢትዮጵያን መሬት ከፍለው ለሙሶሊኒ ለመስጠት መስማማታቸው በጋዜጣ ተገልጦ፥ ሕዝቡ ስለ ተቈጣ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ይህን ካርቱን በክፍላችን በተነጋገርንበት ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ዝም አልን። ቀልዱ እውነት ነበር፤ ነገሩ ከመድረሱ በፊት የሚደርሰውን ተናግሮ ነበር። ነገር ግን አንድ አውሮፕላን እንኳ አላቆመም። ስለዚህ ጥያቄያችን መልኩን ለወጠ፤ ሳቅ ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል ከማለት ይልቅ፥ ሳቅ ምን ያህል ኃይል አለው ማለት ጀመርን።

ኃይል የለውም እንዳንል የሚከለክለን ሌላ ታሪክ አለ። ዴቪድ ሎው የኒውዚላንድ ተወላጅ ሲሆን፥ ከ1927 ጀምሮ «ኢቭኒንግ ስታንዳርድ» በተባለው የሎንዶን ጋዜጣ ይሥል ነበር። ሂትለርንና ሙሶሊኒን እንደ አስፈሪ አውሬ ሳይሆን እንደ ተኮፈሱ ሞኞች አድርጎ ይሥላቸው ነበርና፥ አምባገነኖቹን ከስድብ ይልቅ ይህ አቃጠላቸው። በ1937 ሎርድ ሃሊፋክስ ጀርመንን በጐበኙ ጊዜ፥ ጎብልስ ስለ ሎው ሥዕሎች አጥብቆ ስሞታ አቀረበላቸው። ሃሊፋክስም ለሰላም ሲባል ሎው እንዲለዝብ አስመከሩት። ሎው ለጥቂት ጊዜ ተቀበለ፤ ነገር ግን የሙሶሊኒንና የሂትለርን መልክ ቀላቅሎ «መዝለር» የተባለ አንድ አዲስ አምባገነን ፈጠረና መሣሉን ቀጠለ። በመስከረም 1939 ሂትለርና ስታሊን ፖላንድን ሲከፋፈሏት፥ ሎው ሁለቱን በወደቀ ሰው ሬሳ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አንሥተው ሲሰዳደቡና ሲሰጋገዱ አሳየ። ናዚዎች እንግሊዝን ቢይዙ ሊያስሯቸው ባዘጋጁት የስም ዝርዝር ውስጥም የሎው ስም ተገኝቷል። ኃይል የሌለውን ነገር ማን ስሙን ጽፎ ይይዛል?

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንሻገር። ፓንች አርጅቶ ጥርሱ በደከመበት ጊዜ፥ በ1961 ጥቂት ወጣቶች «ፕራይቬት አይ» የተባለውን መጽሔት ጀመሩ። ክሪስቶፈር ቡከር፥ ዊሊ ረሽተንና ሪቻርድ ኢንግራምስ ከመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ቀልደኛው ፒተር ኩክ በማግሥቱ ዓመት ባለቤት ሆነ። ከ1986 ጀምሮ አዘጋጁ ኢያን ሂስሎፕ ነው። መጽሔቱ በየሁለት ሳምንቱ በርካሽ ወረቀት ይታተማል፤ እንዲህም ሆኖ ከ200,000 ቅጂ በላይ ይሸጣል። እያንዳንዱን ጠቅላይ ሚኒስትር እንደ ጠባዩ ያለብሰዋል። ሃሮልድ ዊልሰን በሥልጣን ሳሉ የባለቤታቸውን የዕለት ማስታወሻ አስመስሎ ያወጣ ነበር፤ በማርጋሬት ታቸር ዘመን ባላቸው ለጓደኛቸው የሚጽፉትን ደብዳቤ አስመስሎ አቀረበ፤ ቶኒ ብሌርን ደግሞ የአንድ ሰበካ ቄስ አድርጎ የሰበካውን ጋዜጣ አስጻፋቸው።

የፕራይቬት አይ ቁም ነገር ግን ከቀልዱ በስተጀርባ ያለው ምርመራ ነው፤ ለዚህም ብዙ ዋጋ ከፍሏል። ባለጠጋው የጋዜጣ ባለቤት ሮበርት ማክስዌል በ1986 በስም ማጥፋት ከስሶት ፍርድ ቤት 55,000 ፓውንድ እንዲከፍል ፈረደበት። ማክስዌል በ1991 ከሞተ በኋላ ግን ከሠራተኞቹ የጡረታ ገንዘብ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠር ፓውንድ መውሰዱ ታወቀ። በ1989 በሌላ ክስ 600,000 ፓውንድ እንዲከፍል ተፈርዶበት፥ በይግባኝ ወደ 60,000 ዝቅ ባይልለት ኖሮ በሩን ሊዘጋ ይችል ነበር። በእንግሊዝ አገር የስም ማጥፋት ሕግ ከባድ ነው፤ የቀለደ ሰው ቀልዴ ነው ብሎ ብቻ አያመልጥም፤ የጻፈውን በዳኛ ፊት ማስረዳት አለበት።

ከዚህም ሌላ የፖስታ ቤቱን ጉዳይ መጥቀስ ይገባል። ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ውስጥ በእንግሊዝ አገር በየመንደሩ ፖስታ ቤት የሚሠሩ ከ900 በላይ ሰዎች «ሆራይዘን» የተባለው የኮምፒዩተር ሒሳብ በስሕተት ጉድለት ስላሳየባቸው በስርቆትና በማታለል ተፈርዶባቸዋል። ብዙዎች ታሰሩ፥ ቤታቸውን አጡ። በመጀመሪያ በ2009 ጉዳዩን ያወጣው ስለ ኮምፒዩተር የሚጽፍ ጋዜጣ ነበር፤ ፕራይቬት አይ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ተከታትሎ ሳይታክት ጻፈበት። ፓርላማ የእነዚህን ሰዎች ፍርድ የሚሽር ሕግ ያወጣው በ2024 ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የተባለው እዚህ ላይ ሠርቷል፤ ነገር ግን ንጋቱን የሚጠብቅና የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል።

ስለ ቴሌቪዥን ስንናገር፥ ዛሬ የምናየው ነፃነት ሁልጊዜ የነበረ እንዳይመስለን ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ከ1737 እስከ 1968 ድረስ ማንኛውም ቴያትር ከመታየቱ በፊት በቤተ መንግሥቱ ሹም መመርመር ነበረበት። በፓርላማ በሚቀጥሉት 14 ቀኖች ውስጥ ክርክር ይደረግበታል ስለ ተባለ ጉዳይ በራዲዮና በቴሌቪዥን መወያየትም እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ክልክል ነበር። በ1960 አራት ወጣቶች በኤዲንበርግ ባሳዩት ጨዋታ ውስጥ ፒተር ኩክ ጠቅላይ ሚኒስትር ማክሚላንን መስሎ ተጫወተ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ጨዋታው ሎንዶን ሲገባ ራሳቸው መጥተው ተመለከቱት። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ ማለት ይቻላል።

በኅዳር 1962 ቢቢሲ ቅዳሜ ማታ አንድ አዲስ ጨዋታ ማሳየት ጀመረ፤ ስሙም «ያለፈው ሳምንት እንዲህ ነበር» እንደ ማለት ነው። አቅራቢው ዴቪድ ፍሮስት፥ አዘጋጁ ኔድ ሼሪን ነበሩ። በሥልጣን ላይ ያሉ ሰዎች ስማቸው እየተጠራ ተቀለደባቸው። ከ1959 ምርጫ ወዲህ በምክር ቤት አንድም ቃል አልተናገሩም የተባሉ አባላት ስማቸው በቴሌቪዥን ሲነበብ አገሩ ተንጫጫ። አባላቱ ግን ስለ ቀልዱ ከመቈጣታቸው በፊት የመረጣቸው ሕዝብ ለምን ዝም አላችሁ ብሎ ሊጠይቃቸው የሚገባ አልነበረምን? ይህ ጨዋታ በ1963 መጨረሻ እንዲቆም ተደረገ፤ ምክንያቱም የሚመጣው 1964 የምርጫ ዓመት ስለሆነ ነው ተባለ። እንግዲህ ሕዝቡ ስለ መሪዎቹ አጥብቆ ማሰብ በሚያስፈልገው ዓመት ሳቁ እንዲያርፍ ተደረገ ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን የምክር ቤቱ ክርክር ከ1989 ጀምሮ በቴሌቪዥን ቢታይም፥ ያንን ፊልም በቀልድ ጨዋታ ውስጥ ማስገባት በምክር ቤቱ ደንብ አልተፈቀደም።

ከ1980 እስከ 1988 የታየው «አዎ፥ ሚኒስትር» የተባለው ጨዋታ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። ደራሲዎቹ አንቶኒ ጄይና ጆናታን ሊን ናቸው። ጂም ሃከር የሚባል ሚኒስትር አንድ ነገር ለማሻሻል በተነሣ ቍጥር፥ የመሥሪያ ቤቱ ቋሚ ጸሐፊ ሰር ሃምፍሪ በረጅም ንግግር አደናግሮ ነገሩን ባለበት ያስቀረዋል። በአንድ ክፍል ከ500 የሚበልጡ ሠራተኞች ያሉት፥ አንድም በሽተኛ ግን የሌለው አዲስ ሐኪም ቤት እናገኛለን። ቋሚ ጸሐፊው ይህ ሐኪም ቤት እጅግ በመልካም አስተዳደር የሚመራ ነው ብሎ ይከራከራል፤ በሽተኛ ከሌለ የሚያውክ የለምና። በዚህ ጨዋታ ውስጥ የትኛው የፖለቲካ ማኅበር ገዥ እንደሆነ አይነገርም፤ ስለዚህ ሁሉም ወገን ሌላው የተነካ መስሎት ሳቀ። ወይዘሮ ታቸር እጅግ ከመውደዳቸው የተነሣ በ1984 ከተዋንያኑ ጋር ራሳቸው አጭር ጨዋታ ተጫውተዋል። ስለ ቢሮ ሥራ ማጓተት በክፍል ከተማርነው ሁሉ ይልቅ ይህ ጨዋታ ነገሩን በግልጽ ያስረዳል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከ1984 እስከ 1996 ደግሞ «ስፒቲንግ ኢሜጅ» የተባለው ጨዋታ ታየ። ፒተር ፍላክና ሮጀር ሎው የመሪዎችን መልክ አጋነው ከጎማ በሠሯቸው አሻንጉሊቶች፥ የጊዜውን ሹማምንትና ንጉሣውያን ቤተ ሰብ ሳይቀር በየሳምንቱ ለሕዝብ ያሳዩ ነበር፤ እስከ 15 ሚሊዮን የሚደርስ ተመልካችም አግኝተዋል። የሊበራል ማኅበር መሪ የነበሩት ዴቪድ ስቲል በዚያ ጨዋታ ከባልንጀራቸው ከዴቪድ ኦወን ኪስ የማይወጡ ትንሽ አሻንጉሊት ሆነው ይታዩ ነበር። ስቲል ይህ ሥዕል በሕዝብ ዘንድ እንደ ጎዳቸው በኋላ ተናግረዋል። እንግዲህ አንደኛው የክርክር ወገናችን ያነሣው ፍርሃት ከንቱ አልነበረም፤ አንድ ሰው የሠራው ሥራ ተረስቶ አሻንጉሊቱ ብቻ ሊታወስ ይችላል።

ስለ ልጆች የሥዕል ጋዜጦችም ጥቂት እንናገር። በስኮትላንድ በዳንዲ ከተማ የታተሙት «ዳንዲ» በ1937፥ «ቢኖ» በ1938 ጀመሩ። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ዳንዲ ሂትለርንና ጎሪንግን የሚዋረዱ ቂሎች አድርጎ ሣለ፤ ቢኖ ደግሞ ሙሶሊኒን በየሳምንቱ መሳቂያ አደረገው። በቦምብ ድምፅ ለተሸበሩ ልጆች ይህ መጽናኛ እንደ ነበር እንረዳለን። ነገር ግን ለሙሶሊኒ በተሰጠው ስም ላይ የተጨመረው ቃል ኢጣልያኖችን ሁሉ የሚሰድብ ነበር። የሙሶሊኒን ግፍ አገራችን ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች፤ ሆኖም የአንድ ግፈኛ ጥፋት ለወገኑ ሁሉ ስድብ መሆኑን አንደግፍም።

በ1950 አንድ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ፥ ማርከስ ሞሪስ፥ «ንስር» የተባለውን የልጆች ጋዜጣ መሠረቱ። ከአሜሪካ የሚመጡት አስፈሪ የሥዕል መጻሕፍት ልጆችን ያበላሻሉ ብለው ስላዘኑ፥ መከልከል ብቻ አይበቃም፥ የተሻለ ነገር ሠርቶ ማሳየት ያስፈልጋል በማለት ነበር። ፍራንክ ሃምፕሰን የሣለው የጠፈር ጀግና ዳን ዴር በዚሁ ጋዜጣ ታወቀ። ፓርላማም በ1955 ልጆችን የሚጎዱ አስፈሪ ጽሑፎችን የሚከለክል ሕግ አወጣ።

በ1977 የተጀመረው «2000 ኤዲ» ግን ከዚህ የተለየ መንገድ ያዘ። ጆን ዋግነርና ካርሎስ ኤስኬራ የፈጠሩት ዳኛ ድሬድ በአንዲት የወደፊት ከተማ ፖሊስም፥ ዳኛም፥ ፍርድ ፈጻሚም ነው፤ በመንገድ ላይ ይይዛል፥ እዚያው ይፈርዳል፥ እዚያው ይቀጣል። አንባቢው መጀመሪያ ጀግና ነው ብሎ ያጨበጭባል፤ ቈይቶ ግን ሦስቱ ሥልጣኖች በአንድ እጅ ሲገቡ ምን እንደሚመጣ ያያል። በ1991 በወጣ ታሪክ ላይ የከተማዋ ሕዝብ በዳኞች እንገዛ ወይስ በመረጥናቸው ሰዎች ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፥ ዳኞቹ አሸነፉ። ይህን የሚያህል ከባድ ነገር በልጆች ጋዜጣ መገኘቱ ያስደንቃል። እንዲሁም አለን ሙርና ዴቪድ ሎይድ በ1982 በጀመሩት ታሪክ ውስጥ አንድ ዐመፀኛ በ1605 ፓርላማን በባሩድ ለማፍረስ የሞከረውን የጋይ ፎክስን መልክ ጭምብል አድርጎ ይዋጋል። ያ ጭምብል በ2011 በብዙ አገሮች በባንኮች ላይ በተነሡት ሰልፎች የሰልፈኞች ምልክት ሆኗል። ከእያንዳንዱ ጭምብል ሽያጭ የመብቱን ገንዘብ የሚቀበለው ግን አንድ ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር፤ ዐመፅም ተሽጦ ለነጋዴ ትርፍ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ጉዳቱን ሳንደብቅ እንናገር። በ1966 የተጀመረ አንድ የቢቢሲ ጨዋታ አልፍ ጋርኔት የሚባል ሰው አሳየ። ደራሲው ጆኒ ስፔይት ይህን ሰው የፈጠረው የባዕድ ጥላቻን ለማሳፈር ነበር፤ አልፍ በአፉ ጥቁሮችን ሁሉ ይሰድባል፥ በአእምሮው ግን ባዶ ነው። ነገር ግን ከተመልካቾች ብዙዎቹ በእርሱ ላይ በመሳቅ ፈንታ ከእርሱ ጋር ሳቁ፤ የልባችንን ተናገረልን አሉ። ደራሲው የሠራው መስታወት ለእነርሱ ባንዲራ ሆነ።

ሌላም አለ። ከ1990 ጀምሮ በሚታየው የዜና ቀልድ ጨዋታ በ1993 የሌበር ማኅበር ሹም የነበሩት ሮይ ሃተርስሊ ለሦስተኛ ጊዜ ቀጠሮ ቢያፈርሱ፥ በወንበራቸው ላይ የአሳማ ስብ ተቀምጦ ጨዋታው ቀጠለ። ይህ አስቂኝ ነው። በዚያው ጨዋታ ላይ ግን ቦሪስ ጆንሰን ከ1998 ጀምሮ ደጋግመው ቀርበው በራሳቸው ላይ ሲያስቁ ሕዝቡ ወደዳቸው፤ በ2008 የሎንዶን ከንቲባ፥ በ2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሳቁ ብቻውን ለዚህ አበቃቸው አንልም፤ ነገር ግን ራሱን አስቀድሞ መሳቂያ ያደረገን ሹም በሳቅ መክሰስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያሳያል። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የሚስቀው ጥርስ ልብ የሚያስበውን አይመረምርም። ፒተር ኩክም በ1961 የቀልድ ክበቡን ሲከፍት፥ በ1930ዎቹ በበርሊን የነበሩት የቀልድ ቤቶች ሂትለርን ለማገድ ብዙ ሠርተዋልና አርአያዎቼ ናቸው ብሎ በሽሙጥ ተናግሯል። በገዛ ሙያው ላይ ከዚህ የበለጠ ፍርድ የሰጠ የለም።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፥ ሁለቱ ወገኖች ከዚህ ሁሉ በኋላ የተስማማንበትን እንነግራችኋለን። ሳቅ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ በ1935 ፓንች የተናገረው ትክክል ነበር፥ ነገር ግን ምስክሩን ሰምቶ የሚፈርድ አልተገኘም። የሆርና የላቫል ስምምነት የፈረሰው ሰው ስለ ሳቀ ሳይሆን ሕዝብ ስለ ተቈጣ፥ ለምክር ቤት አባላቱም ስለ ጻፈ ነው። የፖስታ ቤት ሠራተኞች ነፃ የወጡትም ራሳቸው ተሰባስበው ፍርድ ቤት በመሄዳቸው ነው፤ መጽሔቱ ድምፃቸውን አሰማ እንጂ በእነርሱ ፈንታ አልተሟገተም።

ምስክርም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለሚቀልድ ሰው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል እንላለን። አንደኛ፥ በሥልጣን ላይ ባለው እንጂ በትውልዱ፥ በድኽነቱ ወይም በአካሉ ጉድለት በሰው ላይ እንዳይስቅ፤ ጆን ሊች ስለ ድኾች ሣለ፥ ቴኒየል ግን አይርላንዶችን ዝንጀሮ አደረጋቸው፤ ልዩነቱ ይህ ነው። ሁለተኛ፥ ከቀልዱ በስተጀርባ በዳኛ ፊት የሚያስረዳው እውነት እንዲኖረው። ሦስተኛ፥ ስቆ ሲጨርስ ሥራው ያለቀ እንዳይመስለው።

ለሚሳቅበት ደግሞ አንድ ነገር ይበቃዋል፤ እርሱም መታገሥ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከዚህ ትምህርት ቤት እንወጣለን። ከእኛ መካከል አንዳንዱ መምህር፥ አንዳንዱ የቢሮ ጸሐፊ፥ አንዳንዱም ሹም ይሆናል፤ በአንድ ቀን በጠረጴዛችን ፊት ባለጉዳይ ሲቆም ሰር ሃምፍሪን የምንመስልበት ፈተና ይመጣብናል። በዚያን ቀን አንድ ሰው ቢስቅብን፥ የሳቀውን ሰው ከመፈለጋችን በፊት የሳቀበትን ነገር እንድንፈልግ እርስ በርሳችን ቃል ተገባብተናል። ቃላችንን ባንጠብቅ እናንተ ታናናሾቻችን በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ ሥላችሁ አሳዩን፤ ነገር ግን መልካችንን በጣም እንዳታበላሹት እንለምናለን።